ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ውርጭ፦ በጎጃም የሦስት ቀን የወፍ ምልከታና የፎቶ ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎጃም ውስጥ ወፍ ሊያይ ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ካርታ ማንም ገበሬ በቃሉ ያውቀዋል፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ዛሬ ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ዓባይ በረሃን ቁልቁል የሚያይ ሰው ነገ ጮቄ ተራራ ላይ ጅብራ ከተባለው የውርጭ ተክል አጠገብ ብርድ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም፤ በሁለቱ ቦታዎች የሚታዩት ወፎች ግን የሚመሳሰሉት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚወጣው ኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሳይሆን ከፍታ ታይቶ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ቀን አምስት ቦታ ልርገጥ ይልና የአምስቱንም ጥሩ ሰዓት ያጣል። ለሦስት ቀን ሦስት ቦታ ይበቃል።

ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ ማደሪያውን ደብረ ማርቆስ ያደርጋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋ 2,450 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ወደ 4,100 ሜትር የሚደርሰው ጮቄ አለ፣ ከታች ደግሞ ዓባይ በረሃ።

መቼ መሄድ?

ለፎቶ የሚሻለው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ አደይ አበባውም ለወፉ ጀርባ ቢጫ ይሰጣል። በመስከረምና በጥቅምት በገብስና በስንዴ ማሳ ዳር ጥቁርና ቢጫ ለብሰው የሚዘሉ፣ ቢጫ ቢሾፕ የተባሉ ወፎች ወንዶች ይታያሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ልብሳቸው ይወልቅና እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው ይቀላቀላሉ፣ ማንነታቸውን መለየትም ያታክታል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ የእንግዶቹ ጊዜ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ንስሮች፣ በማሳ ላይ ዝቅ ብለው የሚንሳፈፉ ጭልፊቶችና ከከብት እግር ሥር ነፍሳት የሚለቅሙ ጅራተ ረጃጅም ቢጫ ወፎች ደጋውን ይሞሉታል። የዚህ ወቅት ዋጋው የጮቄ ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ይገኛል። ከየካቲት በኋላ አየሩ በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል፤ ለምልከታ አይከፋም፣ የሩቅ ፎቶ ግን ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ወፉ ባይጠፋም መንገዱ ይጠፋል።

ከመነሣት በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ስልክ መደወል ነው። የመንገዱና የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። ጥያቄያችሁ የተቆረጠ ይሁን፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል? ዝናብ ጥሏል ወይ? መልሱ ከተወላወለ ጉዞው ይቆይ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የጉዞውን ዓላማ የሚገልጽ ወረቀት ያዙ፤ ስትደርሱም የቀበሌውን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ረጅም ሌንስና ባይኖኩላር ይዞ ጉብታ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሰው ምን እንደሚመስል ከአካባቢው ሰው ዓይን ሆናችሁ አስቡት። በዚሁ ምክንያት የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ልብስ፣ ኮፍያም ሆነ የሌንስ ልባስ አትያዙ። በሌላ አገር ወፍ አንሺዎች የሚመርጡት ልብስ ነው፤ እዚህ ግን ከወፉ ይልቅ ሰውን ያስደነግጣል። ግራጫ፣ ቡናማ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ በቂ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም። ጥበቃ ወዳለባቸው ድልድዮች፣ ኬላዎችና ካምፖች ሌንስ አታዙሩ፤ የዓባይን ድልድይም ይጨምራል።

ሦስተኛው አካባቢውን የሚያውቅ አንድ ሰው መቅጠር ነው። ስለ ወፍ ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። «ዝይ የሚያርፍበት ጨፌ የት ነው? ጋጋኖ የት ያድራል?» ስትሉት እጁን የሚጠቁም እረኛ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ክፍያውን ከመነሣታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ።

ዕቃ

ባይኖኩላር፦ 8 በ42 የተጻፈበትን ምረጡ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ማለዳ ላይ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ሲያዩት ያጓጓል፤ ዳገት ወጥቶ በሚያለከልክ ሰው እጅ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በባይኖኩላር «ጥርት አይልም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ዓይን አላስተካከለበትም። አስተካከሉ እንዲህ ነው፦

1. ሁለቱን በርሜሎች እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ አስተካክሉ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ማረፊያውን ጎማ ወደ ታች አጥፉት፤ የማታደርጉ ወደ ላይ አውጡት።
2. 30 ሜትር ያህል የሚርቅ ጽሑፍ ያለበት ነገር ምረጡ። የቀኙን ሌንስ በክዳኑ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ የመሐሉን መዘውር አዙሩ፣ ጽሑፉ እስኪጠራ።
3. አሁን ግራውን ሸፍኑ። የመሐሉን መዘውር ሳትነኩ፣ ከቀኙ ዓይን ማረፊያ ሥር ያለውን ቀለበት ብቻ አዙራችሁ አጥሩ።
4. ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ፤ ወይም በትንሽ ፕላስተር ያዙት። ባይኖኩላሩን ሌላ ሰው ሲዋሰው መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ካሜራና ሌንስ፦ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ዝቅተኛው ነው፤ 600 ካላችሁ ይሻላል። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት 64 ጊጋ ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ሁለት ትልልቅ ፌስታልና ላስቲክ ያዙ። ፌስታሉ ለድንገተኛ ዝናብ ነው፤ ሌላም ሥራ አለው፣ እንመለስበታለን።

ትራይፖድ በጮቄ ነፋስ ላይ ከጥቅሙ ሸክሙ ያመዝናል። በምትኩ የእህል ትራስ ስፉ። ያረጀ የጂንስ ሱሪ አንዱን እግር 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ አንዱን አፍ ስፉ፣ ሁለት ኪሎ ያህል ሽምብራ ጨምሩና ሌላውን አፍ ዝጉ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙላ፤ ጢም ካለ እንደ ኳስ ይሆንና ሌንሱ ይንሸራተታል፣ ጎደል ሲል ግን ሌንሱን አቅፎ ይይዛል። ጤፍ አትጨምሩ፤ በስፌቱ ሾልኮ ያልቃል፣ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ይጋገራል። ትራሱ በመኪና መስኮት ላይ፣ በድንጋይ ካብ ላይ፣ መሬት ላይም ይሠራል። አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ባዶውን ይዞ ሄዶ ሽምብራውን ደብረ ማርቆስ ገበያ መግዛት ይቀላል፤ ሲመለስ ለሽሮ ነው።

ልብስ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይወርዳል። ማለዳ ደብረ ማርቆስ 10 ዲግሪ ከሆነ ጮቄ አናት ላይ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የእጅ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ሰፊ ባርኔጣ አይቅር፤ ብርዱ እያለ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ጋቢ ተቀምጦ ለመጠበቅ የሚወዳደረው የለም፤ ነጭነቱ ግን ከሩቅ ይጮኻል፣ ስለዚህ ከጃኬቱ ሥር ይደረብ።

ካሜራውን ማታ ማዘጋጀት

ወፍ ሲነሣ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው የሚያነሣው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ማታ ማደሪያችሁ ውስጥ ይህን ጨርሱ፦

ፎቶው በራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብረው በጥሬው ይቀመጥ። ካሜራውን በማኑዋል አድርጋችሁ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ብቻ ለራሱ ልቀቁለት፤ ከፍተኛ ገደቡን ለአነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን ለሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 3,200፣ ሰፊ ሴንሰር ላለው ሙሉ ፍሬም 6,400 አድርጉ። አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8። ሹተር፣ ማለትም ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ፣ ለተቀመጠ ወፍ 1/800 ሴኮንድ፣ ለሚበር ትልቅ አሞራ 1/1600፣ ለርግብና ለትናንሽ ወፎች 1/2500። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን፤ ነጥቡ አንድ ወይም ትንሽ ስብስብ ይሁን። ካሜራው ራሱ የወፍ ዓይን የሚለይ ከሆነ ክፈቱት፣ ግን በሣርና በቅርንጫፍ መሐል ሲጠፋበት ወደ አንድ ነጥብ የምትመለሱበት ቁልፍ ይኑር።

ከዚያ የብርሃን ማስተካከያው አለ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ሰማይ ላይ ያለ ጆፌ ሲያነሣ ሰማዩን ያጠቁርና ወፉ ከሰል ይሆናል፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ጥቁር ገደል ፊት ያለች ሳቢሳ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ላባዋ ተቃጥሎ ወረቀት ይመስላል፣ ስለዚህ ከ1 ስቶፕ ያላነሰ ቀንሱ። ከጠቆረ የተቃጠለ ይብሳል፤ የጠቆረውን ኋላ ማብራት ይቻላል፣ የተቃጠለው ላባ አይመለስም።

ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የተባለውን ነጻ የወፍ መለያ መተግበሪያ ከነአካባቢው ጥቅል ከተማ ሳላችሁ አውርዱ። ተራራው ላይ ኔትወርክ አትጠብቁ።

አንደኛ ቀን፦ ደጀን አፋፍ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ በረሃውን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው፤ የመኪናውን ፍሬንና የራዲያተሩን ውኃ ቀድማችሁ አስፈትሹ። በረሃው ውስጥ ቀትር ላይ ፎቶ ለማንሣት አትድከሙ። ከጋለው ድንጋይ የሚነሣው አየር ይርገበገባል፤ ከ50 ሜትር በላይ ያለ ወፍ በየትኛውም ውድ ሌንስ ቢነሣ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ብዙዎች ሌንሳቸውን የሚያሙት በዚህ ነው።

አፋፉ ላይ የሚሠራው ከ9፡30 እስከ 12፡00 ሰዓት ነው። ከጠርዙ ቢያንስ ሦስት ሜትር ገባ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የአፋፉ አፈር ከሥር ተበልቶ ከላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ገደል ላይ ሆኖ አሞራ የማንሣት ጥቅሙ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ትክ ለትክ፣ አንዳንዴም ከላይ ወደ ታች ማየት ነው። ነፋሱ ገደሉን መትቶ ሽቅብ ሲወጣ አሞሮቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ተሳፍረውበት በፊታችሁ ያልፋሉ። አጥንት ሰባሪው አሞራ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው፤ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ መቅኑን ይበላል። ጥቁሩ የገደል ንስር ጀርባው ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ሽኮኮ ካለበት ቋጥኝ አይርቅም፣ ምግቡ እሱ ነውና። ሽኮኮዎቹ ድንገት ጮኸው ጉድጓድ ከገቡ ሌንሱን ወደ ሰማይ አንሡ።

የሚበር ወፍ አያያዝ፦ በሩቁ ሳለ ያዙት፣ ወገባችሁን ብቻ እያዞራችሁ ተከተሉት፣ እግራችሁ አይንቀሳቀስ። ቁልፉን የምትጫኑት ከጎናችሁ ሊደርስ ሲል ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚነሣው የጅራት ፎቶ ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ፍሬም ይበቃል፤ ሠላሳ ፍሬም ያለማቋረጥ የሚተኩስ ሰው የካሜራው ማከማቻ ሞልቶ ዋናው ቅጽበት ላይ ይቆምበታል።

ከዚያ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ደብረ ማርቆስ እደሩ። ሌሊቱን በ2,450 ሜትር ላይ ማደር ለነገው ከፍታ ማለማመጃ ነው፤ ከቆላ ተነሥቶ በዚያው ቀን ጮቄ የወጣ ሰው ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛ ቀን፦ ጮቄ

መንገዱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ በስናን ወረዳ በረቡዕ ገበያ በኩል ነው። ከፍ ያለ መኪና ይሻላል። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላልና ሌላ ቀን ምረጡ።

በቆላ «ከንጋት በፊት ድረሱ» የሚለው ምክር ጮቄ ላይ አይሠራም። ውርጭ ባለበት ማለዳ የአበባው ውርጭ ሳይቀልጥ አበባ መጣጩ ወፍ አይንቀሳቀስም፤ አሞራውም የሚያነሣው ሙቅ አየር ከ3፡00 ሰዓት በፊት የለም። ከደብረ ማርቆስ 11፡30 ገደማ ተነሥታችሁ፣ ቀርቀሃውና ገብሱ ዳር እየቆማችሁ ከ1፡00 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ጅብራው ዘንድ ብትደርሱ ልክ ነው። በጨለማ መንዳት የማይመከር ወይም የማይፈቀድ ከሆነ 12፡30 መነሣትም ብዙ አያጎድልም።

ስትወጡ መልክዓ ምድሩን ተከታተሉ። ባሕር ዛፉ ያልቃል፤ ቀርቀሃ፣ ኮሶና አምጃ ይታያል፤ ከዚያ የድንች፣ የገብስና የእንግዶ ማሳ፤ ከዚያ አስታና ጓሳ፤ በመጨረሻ ጅብራ። በየለውጡ ቦታ ሞተር አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ሞተሩ በርቶ ከመስኮት ማንሣት አይሞከር፤ የመኪናው ንዝረት በ1/1000 ሴኮንድም ይታያል። በስልክ ምሰሶ ላይ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ ሸክላ የመሰለ ጭላት ካያችሁ ኦጉር ባዛርድ ነው፤ መኪናን አይፈራም፣ በር ሲከፈት ግን ይሄዳል። ከመኪና አትውረዱ፤ ትራሱን መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ አንሡ።

ረግረግና ጨፌ፦ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በወገኑ ውስጥ ያለው ብቸኛ ዝርያም እሱ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስደግፎ ይራመዳል፤ ቆሞ ሲታይ ግራጫና ቡናማ ነው፣ ሰማያዊው የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎች በችኮላ የሚያነሡት ግራጫ ዝይ ነው። መፍትሔው መጠበቅ ነው፦ ዝይ ከመታጠብ ወይም ከእንቅልፍ በኋላ ተነሥቶ ክንፉን ያራግባል። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ደረቱን ሲነፋ ሹተሩን ወደ 1/1600 አድርጉና ጣታችሁን አዘጋጁ። በዚያው እርጥብ ሣር ውስጥ ሩዤ ሬይል የተባለችው ቡናማ ወፍ ጅራቷን ሽቅብ እየመታች ነጩን ሥር ታሳያለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለችም። ድምፅ ሳታሰሙ ቁጭ ካላችሁ ራሷ ትመጣለች፤ ከተከተላችኋት ሣር ውስጥ ትሰምጣለች።

አቀራረብ፦ የጮቄ ወፎች እረኛና ከብት ለምደዋል። የሚፈሩት ቆሞ የሚያፈጥ ሰው ነው። ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ ወደ ወፉ አትሂዱ፤ ወደ ጎን እንደምታልፉ ሆናችሁ ሰያፍ ተራመዱ፣ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ በየአሥር እርምጃው ቁሙ። ወፉ መብላት ካቆመና አንገቱን ከመዘዘ ገደቡ ላይ ደርሳችኋል፤ ሁለት እርምጃ ተመለሱና ተቀመጡ። ማሳ ውስጥ አትግቡ፤ በድንበሩ ላይ ሂዱ። ጓሳውንም አትጨዱ፣ አትረጋግጡ።

አሁን ወደ ጅብራው። ይህ ተክል ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ አበባ የያዘው ምሰሶው ከሰው ቁመት በላይ ነው። የተከዜ አበባ መጣጭ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘ የደጋ ወፍ ሲሆን አበባ ባለው ጅብራ ላይ ይመላለሳል። የወንዱ ቀለም ችግር አለው፦ ሐምራዊው፣ አረንጓዴውና የመዳብ መልኩ የቀለም ሳይሆን የላባው አሠራር የሚፈጥረው ነጸብራቅ ነው፤ ብርሃኑ በትክክል ካልመታው ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ፦

አበባው ከታች እስከ ላይ ያልጠወለገ አንድ ጅብራ ምረጡ፤ አሥሩን አትከታተሉ። ከዳገቱ በላይ በኩል ቁሙ፤ ከታች ሆናችሁ ካነሣችሁ ወፉ በነጭ ሰማይ ላይ ይቀራል፣ ከላይ ሆናችሁ ከአበባው ጋር ትክ ስትሉ ግን ከኋላው የሩቁ ሸለቆ ለስላሳ አረንጓዴ ይሆናል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን፤ ጥላችሁ ወደ ጅብራው ከጠቆመ ልክ ናችሁ። ርቀቱ 7 ሜትር ያህል ይሁን። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስና በአነስተኛ ሴንሰር በዚያ ርቀት ፍሬሙ የሚይዘው ስፋት 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከነጅራቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነው ወንድ ግማሹን ይሞላል፣ ለበረራውም ቦታ ይተርፋል። በኤፍ 5.6 ጥርት የሚለው ጥልቀት 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በኤፍ 8 ወደ 10 ይደርሳል። ብርሃኑ ከፈቀደ ኤፍ 8 ላይ ሁኑ፤ ነጥቡን ዓይኑ ላይ እንጂ ደረቱ ላይ አታድርጉ። ከዚያ ተቀመጡ። ወፉ በመጀመሪያ ምልልሱ ያያችኋል፤ በሁለተኛው ይጠራጠራል፤ በሦስተኛው ይረሳችኋል። በመጀመሪያው ላይ የተኮሰ ሰው ሦስተኛውን አያገኝም። ምንቃሩን ከአበባ አውጥቶ ወደ ሌላው ከመዞሩ በፊት ለአፍታ ቀና ይላል፤ ፎቶው ያቺ አፍታ ናት።

ከ4፡00 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ አናት ትወጣለች፣ የወፍ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሌንሱን አስቀምጡና በባይኖኩላር ሰማዩን ቃኙ፣ ምሳ ብሉ። ከቀትር በኋላ ደመና ሊጫን ይችላል፤ ስስ ደመና ለፎቶ በረከት ነው፣ ጥቁር ደመና ግን መብረቅ ነው። አናት ላይ ያለ ዛፍ የሌለበት ሜዳ መብረቅ ሲመጣ የሚቆሙበት ቦታ አይደለም።

ከፍታውን አትናቁት። በ4,000 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውኃ መጠጣት፣ በከፍታው ላይ አለመሮጥ። ቀላል ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ማስታወክ፣ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦም የማያርፍ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። «ትንሽ አርፌ እቀጥላለሁ» አይሠራም።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ መለዋወጫውን በውስጥ ኪስ ከገላችሁ ጋር አድርጉት። የደከመ የመሰለው ባትሪ ሲሞቅ ጥቂት ደቂቃ ሊመለስ ይችላልና አትናደዱበት። አሁን የፌስታሉ ሁለተኛ ሥራ፦ የቀዘቀዘ ካሜራ ሙቅ መኪና ወይም ሙቅ ክፍል ውስጥ በቀጥታ ከገባ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሻጋታ ይከተላል። ተራራው ላይ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አሥራችሁ አስገቡት፤ ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሳትከፍቱ ተዉት። ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል። ካርዱን ለማየት የምትጓጉ ከሆነ ከማሸጋችሁ በፊት አውጡት።

ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ይህ አይቀርም። ሳንቲምና ከረሜላ አታከፋፍሉ፣ ለሚቀጥለው እንግዳም ለልጆቹም ጥሩ አይደለም። ባይኖኩላሩን በተራ አሳዩአቸው፣ ከዚያ «ወፉ እንዳይሄድብን» ብላችሁ ቁጭ እንዲሉ ጠይቁ። ወፉን ከእናንተ ቀድመው ያያሉ።

ሦስተኛ ቀን፦ ከተማውና የቤተ ክርስቲያን ደን

መንቆረር በሚል ስም ትጠራ የነበረችው ደብረ ማርቆስ ራሷ ለጠዋት ሥራ ትበቃለች። ርግቦች በገደልና በሕንፃ ጣሪያ ላይ ያድራሉ፤ ከመካከላቸው አንገተ ነጩ ርግብ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። የማኅተብ ያህል ነጭ ቀለበት ማጅራቱ ላይ፣ ሲነሣ ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ብልጭታ አለው። ለበረራ ፎቶ ልምምድ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ጋጋኖዎች ገና ሲነጋ እየጮኹ ከማደሪያቸው ይወጣሉ፤ ከአንገታቸው የተንጠለጠለችውን ቀጭን ሥጋ ፎቶው ላይ ለማሳየት ከጎን አንሡአቸው።

ትልቁን ቁራ፣ መንቁሩ ወፍራም ማጅራቱ ነጭ የሆነውን፣ ለማግኘት ቄራ አካባቢ ሂዱ። እዚህ ላይ የጾም አቆጣጠር ከወፍ መጽሐፍ ይበልጣል፦ በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሥጋ ስለሚቀር ቄራው ጭር ይላል፣ ቁራውም ጆፌውም ይበተናል። ረቡዕና ዓርብን ተዉና በፍስክ ወቅት ቅዳሜ ጠዋትን ሞክሩ።

የቤተ ክርስቲያን ደን በወይራው፣ በጽዱና በብሳናው ውስጥ በሌላ ቦታ መጠለያ ያጡ የደን ወፎችን ይዟል። አረንጓዴ ሆኖ ሲበር ክንፉ ቀይ የሚሆነውን ጉንጨ ነጭ ቱራኮ እዚያ ፈልጉ። አስቀድማችሁ ገበዙን ወይም አለቃውን አስፈቅዱ፤ «አባ፣ ወፍ ልናይና ፎቶ ልናነሣ ነው፣ ሰው አናነሣም» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። በቅዳሴና በኪዳን ሰዓት አይገባም፤ በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሰዓቱን ጠይቁ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ፤ ይህንንም ቀድሞ መጠየቅ ነው። ደኑ ውስጥ ብርሃኑ ያነሰ ስለሆነ ሹተሩን እስከ 1/250 አውርዱ፣ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ጨርሱና በግንድ ተደግፋችሁ ተኩሱ። ፍላሽ አይበራም።

የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ መጥራት ይቻላል፤ አታድርጉት ቢባል ይሻላል። ወንዱ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ መብላቱን ትቶ ይዋጋል፤ በመራቢያ ጊዜ ደግሞ ጎጆውን ባዶ ይተዋል፣ ያኔ ጎጆውን ቁራ ይጎበኘዋል። ጎጆ ካገኛችሁ ከሩቅ አይታችሁ እለፉ፤ ቦታውንም በማኅበራዊ ገጽ አትለጥፉ።

ማታ ማታ

በየቀኑ ማታ ካርዱን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ሁለቱም ቅጂ መከፈቱን ሳታዩ ካርዱን አታጥፉ። የዕለቱን ዝርዝር እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ጻፉ፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ የተነሣችሁበትና ያቆማችሁበት ሰዓት፣ የወፉ ስም፣ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁ መጠኑን ከምታውቁት ወፍ ጋር አስተያዩ፤ «ከዋኔ የሚያንስ፣ ከድንቢጥ የሚበልጥ» ብሎ መጻፍ ከግምት ስም ይሻላል። ኢበርድ የተባለው መመዝገቢያ ላይ ስታስገቡ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ አትርሱ፤ ጠዋት 1፡30 የታየው ዝይ ሌሊት 7፡30 ላይ እንደታየ ሆኖ ይገባና ዝርዝሩን የሚያጣራው ሰው ማብራሪያ ይጠይቃችኋል።